የተሸጠን ዕቃ መልሶ መቀበል ዕዳ ነውን ወይስ ቸርነት?

እግዚአብሔር አምላካችን ሰውን ሲፈጥር ማንም ለራሱ ብቻ የሚበቃ እንዳይሆን፣ አንዱ በሌላው የእጅ ሥራ እየተረዳ እንዲኖር አድርጎ ፈጠረው። ገበሬው እህል ቢያመርት ልብሱን የሚሠራለት ሸማኔው ነው፤ ሸማኔውም ሸማውን ቢሠራ እንጀራውን የሚያገኘው ከገበሬው ነው፤ ለአንዱ ማረሻውን፣ ለሌላው መርፌውን የሚያበጅላቸው ብረት ሠሪው ነው። ገበያ የሚባለውም ነገር የተገኘው ከዚህ ከመፈላለግ የተነሣ ነው። ስለዚህ መሸጥና መግዛት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ሰው ለሰው የሚያስፈልግ መሆኑን በየቀኑ የሚያስታውስ አገልግሎት ነው እንጂ። ዳሩ ግን ጠቢቡ ሲራክ በሻጭና በገዢ መካከል የሚገባውን ኃጢአት በሁለት ድንጋዮች መካከል ተቀርቅሮ እንደ ቀረ ካስማ አድርጎ ይመስለዋል። ካስማው ትንሽ ቢሆንም ድንጋዮቹ እንዳይገጥሙ ያደርጋቸዋል፤ ኃጢአቱም እንዲሁ ሁለቱን ወንድማማቾች ያለያያቸዋል።

በየከተማው በሚገኙ ሱቆች መስኮት ላይ፣ አንዳንድ ጊዜም በደረሰኙ ግርጌ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ እናያለን። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ዐይናችንም ስለ ለመደው ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፋለን። በእርሱ ምክንያት የሚነሣው ክርክር ግን ቀላል አይደለም። ገዢው «የማይሠራ ዕቃ ሰጥተኸኛልና ገንዘቤን መልስልኝ» ይላል፤ ሻጩም «ዐይተህ፣ መርጠህ፣ ተከራክረህ ገዝተሃል፤ ጽሑፉም በፊትህ ነበረ» ብሎ ይመልሳል። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ፣ ከአንድ መንበር የሚቈርቡ ሊሆኑ ይችላሉ። ጠባቸው ወደ ዳኛ ሳይደርስ በልባቸው ቂም ሆኖ ይቀራል፤ ቂም ይዞ ወደ ቅዱስ ቊርባን መቅረብ እንደማይገባ ደግሞ ሁላችን እናውቃለን። እንግዲህ ይህ ጉዳይ የነጋዴዎችና የዳኞች ብቻ ሳይሆን የነፍስም ጉዳይ ነው።

አባቶቻችን ይህን ስለ ተረዱ ገበያን ከሃይማኖት ሥርዐት ውጭ አላደረጉትም። በ13ኛው ምእት ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ቋንቋ የተዘጋጀውና በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ከ51ዱ አንቀጾቹ 22ቱን ለመንፈሳዊው፣ 29ኙን ለሥጋዊው ሥርዐት ሲመድብ፣ ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ ሰጥቶአል። ስለ ጥምቀትና ስለ ክህነት በሚናገረው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ገበያ መነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በመቅደስ የሚቆመው ሰውና በሱቅ የሚቆመው ሰው አንድ ሰው ነውና።

ነገሩን ሳንለይ ብንፈርድ ግን አንዱን ስንረዳ ሌላውን እንበድላለን። «ዕቃው ይመለስልኝ» የሚል ሰው ከሦስት ምክንያቶች በአንዱ ሊጠይቅ ይችላል። አንደኛው፣ ሻጩ እያወቀ የሸሸገው ነውር በዕቃው ላይ ሲገኝ ነው። ሁለተኛው፣ ነውሩ ቢኖርም ሻጩም ገዢውም ሳያውቁት የቀረ ሲሆን ነው። ሦስተኛው፣ ዕቃው ምንም ነውር ሳይኖርበት ገዢው ሐሳቡን ስለ ለወጠ ወይም ስላልፈለገው ብቻ ሲመልሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የዕዳ ወገን ናቸው፤ ሦስተኛው የቸርነት ወገን ነው። ዕዳውን እንደ ቸርነት የሚቈጥር ሻጭ የሰው ገንዘብ ይቀማል፤ ቸርነትን እንደ ዕዳ የሚጠይቅ ገዢም እንዲሁ ይቀማል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ከዚህ በታች በየተራው እናየዋለን።

ታውቆ ስለ ተሸሸገ ነውር

ሽያጭ ማለት ሁለት ሰዎች ፈቅደውና ዐውቀው የሚያደርጉት ልውውጥ ነው። ገዢው ገንዘቡን የሚሰጠው በዐይኑ ለሚያየው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ከዕቃው ለሚጠብቀው አገልግሎትም ጭምር ነው። በሬ የሚገዛ ገበሬ የገዛው ቆዳና ቀንድ አይደለም፤ የሚያርስለትን ጕልበት ገዛ እንጂ። ያ በሬ ቀንበር ሲጫንበት የሚተኛ መሆኑን ሻጩ እያወቀ ዝም ብሎ ቢሸጠው፣ ገዢው ስለ ጕልበቱ የከፈለው ገንዘብ በምን ተለወጠ? በምንም አልተለወጠም። ሻጩ ያልሰጠውን ነገር ዋጋ ይዞ ሄዶአል፤ ያልሰጡትን ነገር ዋጋ መቀበል ደግሞ ስሙ ትርፍ ሳይሆን ቅሚያ ነው። ስለዚህ ገዢው በሬውን እየነዳ ሲመለስ ሊለምን አልመጣም፤ በሻጩ እጅ የቀረውን የራሱን ገንዘብ ሊወስድ መጣ እንጂ።

«እኔ አልዋሸሁም፤ እርሱ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም» የሚል ይኖራል። ዓለምም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ ጥፋቱን ሁሉ በተታለለው ሰው ላይ ይጭናል። ይህ ክርክር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከጌታችን ልደት በፊት በነበረው በመጨረሻው ምእት ዓመት የኖረው ሮማዊው ሲሴሮ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ፣ ከእርሱ የቀደሙ ፈላስፎች የተለያዩበትን አንድ ምሳሌ ይተርካል። በሮድስ ደሴት ረኃብ ሆኖ ሳለ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ከኋላው ሌሎች ብዙ መርከቦች እህል ጭነው እየመጡ መሆናቸውን በመንገድ ዐይቶአል። ይህን ለሮድስ ሰዎች ቢነግራቸው ዋጋው ይወድቃል፤ ዝም ቢል ግን በውድ ይሸጣል። እንግዲህ ምን ያድርግ? ባቢሎናዊው ዲዮጋን «ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ነውር ከተናገረና ካላታለለ የቀረውን የመናገር ግዴታ የለበትም» የሚል ወገን ያዘ። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን «ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢውም ሊያውቀው ይገባል» አለ። ሲሴሮም ራሱ ወደ አንቲጳጥሮስ አሳብ አደላ። ወንጌልን ያልሰሙ አሕዛብ በሕሊናቸው ብርሃን ብቻ እስከዚህ ከደረሱ፣ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የተባልን እኛ ከእነርሱ ብናንስ ምን መልስ እንሰጣለን?

እንዲህም ሲባል ዝምታ ሁሉ ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። እጀታው የተሰበረ ድስት ስብራቱ በዐይን ይታያል፤ ገዢውም ዐይቶ በቀነሰ ዋጋ ከወሰደው ማንም አልተበደለም። ነጋዴውም ዕቃውን በስንት እንደ ገዛው፣ ምን ያህልም እንደሚያተርፍበት ለገዢው የመናገር ግዴታ የለበትም። ነገር ግን ሦስት ነገሮች በአንድነት ሲገጥሙ ዝምታ ሐሰት ይሆናል፤ ይኸውም ነውሩ የማይታይ ሲሆን፣ ሻጩ የሚያውቀው ሲሆን፣ ገዢውም ቢያውቀው ኖሮ ጨርሶ የማይገዛው ወይም በዚያ ዋጋ የማይገዛው ሲሆን ነው። በዚያን ጊዜ አንደበቱ ባይናገርም ዋጋው ይናገራል፤ የደኅና ዕቃ ዋጋ መጥራት «ይህ ዕቃ ደኅና ነው» ብሎ መመስከር ነውና።

ይህም የበሬና የበቅሎ ነገር ብቻ አይደለም። ተከፍቶ የተጠገነውን ሞባይል ስልክ አዲስ እንደሆነ አድርጎ መሸጥ፣ የመኪናን ኪሎ ሜትር ቈጣሪ ወደ ኋላ መልሶ ብዙ ያልተነዳች ማስመሰል፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ወይም ምግብ ቀኑን ፍቆ በመደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ፣ እርጥበት የመታውን ሲሚንቶ ከደኅናው ጋር ቀላቅሎ ማስረከብ፣ ሁሉም የዚያው የሚተኛው በሬ ወገን ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ በገንዘብ ብቻ የማይለካ ጉዳት የሚያመጡ አሉ። በደካማ ሲሚንቶ የቆመ ግድግዳ በሰው ላይ ይወድቃል፤ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በሽተኛውን ሳይፈውስ ቀኑን ያስመሽበታል።

ጉዳቱም ሁልጊዜ በድኻው ላይ ይበረታል። ባለጸጋ የተበላሸ ዕቃ ቢገዛ ተናድዶ ሌላ ይገዛል። ነገር ግን ልጆችዋን የምታሳድግ አንዲት መበለት ከዕቍብ ባገኘችው ገንዘብ የልብስ ስፌት መኪና ብትገዛና መኪናው በሳምንቱ ቢቆም፣ የጠፋባት የመኪናው ዋጋ ብቻ አይደለም። በመኪናው ሠርታ ልትከፍለው የነበረው የዕቍብ ገንዘብ፣ ለልጆችዋ ልትገዛው የነበረው እንጀራ፣ ሥራ ላመጡላት ሰዎች የሰጠችው ቃል፣ ሁሉም አብሮ ይቆማል። ወደ ሱቁ ስትመለስ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ በጣት ቢመለከትላት፣ ለእርስዋ የዚያ ጽሑፍ ትርጕም «እንጀራሽ አይመለስም» ማለት ነው። መጽሐፍ የመበለቲቱን ጩኸት እግዚአብሔር ራሱ እንደሚሰማ ይነግረናል፤ ሻጩ ያን ጊዜ ከማን ጋር ክርክር እንደ ገጠመ ያስተውል።

የሚበላ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ የተበላ አይመለስምና። ከበርበሬው ጋር የሸክላ ዱቄት፣ ከማሩ ጋር ስኳር፣ ከቅቤውም ጋር ሌላ ቅባት የሚቀላቅል ሰው ገዢው ዕቃውን ይዞ የሚመለስበትን መንገድ አስቀድሞ ዘግቶበታል። ነቢዩ አሞጽ ግርዱን ስንዴ ብለው ለድኻ የሚሸጡትን፣ መስፈሪያውን አሳንሰው ዋጋውን የሚያበዙትን እግዚአብሔር ሥራቸውን ከቶ እንደማይረሳ ነግሮአቸዋል። በምድር የማይመለሰው ዕቃ በሰማይ መዝገብ ተጽፎ ይቈያል ማለት ነው።

ሳይታወቅ ስለ ተሸጠ ነውር

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው እንለፍ። አንድ ቸርቻሪ ከአከፋፋዩ በካርቶን የታሸገ ዕቃ ተቀብሎ እንደ ታሸገ ለገዢ ይሸጣል። ገዢው ቤቱ ሄዶ ሲከፍተው ዕቃው አይሠራም። ቸርቻሪው አላታለለም፤ ልቡም ንጹሕ ነው። ታዲያ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው?

ስለ ኃጢአት የተጠየቅን እንደ ሆነ፣ ይህ ሰው በመሸጡ አልበደለም እንላለን። ስለ ገንዘቡ የተጠየቅን እንደ ሆነ ግን፣ ገንዘቡ የተከፈለው ለሚሠራ ዕቃ ነው፤ የሚሠራ ዕቃም አልተሰጠም። ስለዚህ ሻጩ ያለ በደል የያዘው ገንዘብ ነውሩን ካወቀበት ሰዓት ጀምሮ የሰው ገንዘብ ይሆናል። በመንገድ የወደቀ ገንዘብ ያገኘ ሰው በማግኘቱ ሌባ አይባልም፤ ባለቤቱ መጥቶ ምልክቱን ነግሮት አልሰጥም ሲል ግን ሌባ ይሆናል። ይህም እንደዚያ ነው።

የአገራችን ልማድም ይህን ያውቃል። በገጠር ገበያ የቀንድ ከብት ሲሸጥ ሻጩ ዋስ መጥራቱ የቈየ ሥርዐት ነው፤ ገዢው ከገበያው ከወጣ በኋላ ስለሚገኘው ነገር የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ እንዲሆን አዘዘ። ሻጭ «ለጉድለቱ አልጠየቅም» ብሎ ውል ቢያስገባ እንኳ፣ ጉድለቱን በተንኰል ሸሽጎ ከተገኘ ያ ውል እንደማያድነው ደነገገ። ቈይቶም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጎአል። እንግዲህ በመስኮት ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ነውር ያለበትን ዕቃ ጭምር ለመከልከል የተጻፈ ከሆነ፣ ከእግዚአብሔር ሕግ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአገሩ ሕግም ጋር ይጣላል።

ይህን ስንናገር ገዢውን ከግዴታው ነጻ አላወጣነውም። ያው የ1952ቱ ሕግ ገዢው ዕቃውን እንደ ተመቸው ወዲያው እንዲመረምር፣ ጉድለትም ቢያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ይህም ትክክለኛ ነው፤ ዕቃውን ወራት ተገልግሎበት፣ ሲያረጅ ነውር ያገኘ የሚመስል ገዢ አለና። በልጁ እጅ ወድቆ የተሰበረውን «እንዲሁ ተሰብሮ አገኘሁት» ብሎ የሚመልስም አለ። በሻጭ ላይ ሐሰት ኃጢአት ከሆነ በገዢም ላይ ያው ኃጢአት ነው፤ እግዚአብሔር ለሻጭ አንድ ሚዛን፣ ለገዢ ሌላ ሚዛን የለውም። ስለዚህ ገዢ ሆይ፣ ዕቃውን ፈጥነህ መርምር፤ ደረሰኝህን ጠብቅ፤ የሆነውን እንደ ሆነ ብቻ ተናገር፤ ነጋዴውንም በሰው ፊት ሌባ ብለህ አታዋርደው፤ እርሱም እንዳንተ ተታልሎ ይሆናልና።

ድኻ ቸርቻሪም እንዳለ አንርሳ። በመንገድ ዳር ተቀምጦ የሚሸጥ፣ የአንድ ዕቃ ዋጋ የቤተ ሰቡ የሳምንት ምግብ የሆነበት ነጋዴ «መልስ» ቢባል ዕዳው ዕዳ ቢሆንም ዐቅሙ ላይበቃው ይችላል። አከፋፋዩም «ካርቶኑ ተከፍቶአልና አልቀበልህም» ብሎ ይመልሰዋል። እዚህ ላይ ትልቁ በደል በትንሹ ጫንቃ ላይ እንዳይቀር፣ ብዙ ያተረፈው አስመጪና አከፋፋይ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል። ገዢውም ከተቻለው ይታገሥ፤ ገንዘቡን ጥቂት በጥቂት ይቀበል፤ ወይም ሽማግሌዎች ተቀምጠው ኪሳራውን ያካፍሏቸው። በፍርድ ያልተፈታ ብዙ ነገር በሽምግልና ተፈትቶአል። ነገር ግን ዕዳውን የሚተው ባለ ገንዘቡ ነው እንጂ ባለ ዕዳው ለራሱ ሊተውለት አይችልም።

ነውር ሳይኖርበት ስለሚመለስ ዕቃ

ሦስተኛው ከእነዚህ የተለየ ነው። ዕቃው ደኅና ነው፤ ገዢው ግን ቤቱ ሲደርስ ቀለሙ አላማረውም፣ ወይም ከጎረቤቱ ሱቅ በርካሽ አገኘው፣ ወይም ገንዘቡ ለሌላ ነገር አስፈለገው። እዚህ ላይ ሻጩ ምን ዕዳ አለበት? ምንም የለበትም። የተከፈለውን ሰጥቶአል። አባታችን አብርሃም የመቃብር ዋሻውን ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ሲገዛ በከተማው በር ሰዎች ሁሉ ፊት መዘነለት፤ እርሻውም ዋሻውም ለአብርሃም ጸና። የሽያጭ መጽናት ለሁለቱም ወገን ዕረፍት ነው። ገዢ በፈለገበት ቀን የሚያፈርሰው ሽያጭ ከሆነ ነጋዴው የሸጠውን ዕቃ ገንዘብ አምኖ እንጀራ ሊገዛበት አይችልም።

የገዢ ነጻነት ያለው ከመግዛቱ በፊት ነው። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ ሸማች ዕቃ አገላብጦ ስላየ ወይም ዋጋ ስለ ተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንዳይገደድ፣ በትሕትናና በአክብሮትም እንዲስተናገድ መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ ዐይቶ የሚሄደውን ሰው «ካልገዛህ ለምን አገላበጥህ» ብሎ የሚሰድብ ነጋዴ ይበድላል። ከገዛ በኋላ ግን አዎን ያልነው ነገር አዎን እንዲሆን ጌታችን አዝዞናል። የ1952ቱ ሕግም ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንዲያጣ፣ ቀብድ የተቀበለው ቢተው ደግሞ ዐጥፎ እንዲመልስ ያደረገው ቃል ዋጋ እንዳለው ለማስተማር ነው።

ታዲያ ነጋዴው ሁልጊዜ «አልቀበልም» ይበልን? አይደለም። ዕዳ በሌለበት ቦታ ቸርነት ይጀምራልና። እናቱ የላከችው ሕፃን ተሳስቶ ሌላ ዕቃ ገዝቶ ቢሄድ፣ ለታመመው አባትዋ አልጋ የገዛች ልጅ አባትዋ በማግስቱ ቢያርፍባት፣ ድኻው ሰው ገዝቶ ከሄደ በኋላ ልጁ ታሞበት ገንዘቡ ለሕክምና ቢያስፈልገው፣ ዕቃው እንደ ታሸገ ከሆነ መልሶ መቀበል ነጋዴውን ብዙ የማይጐዳ፣ ለገዢው ግን ትልቅ የሆነ ምሕረት ነው። በየቀኑ ምጽዋት የሚሰጥበት ገንዘብ የሌለው ነጋዴ በዚህ መንገድ ምጽዋት ሊሰጥ ይችላል። ይሁን እንጂ እምቢ ማለት ራሱ ፍቅር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከመድኃኒት ቤት የወጣ መድኃኒት በየት እንደ ተቀመጠ፣ ሙቀት ይግኘው እርጥበት ይግኘው አይታወቅምና ተመልሶ ለሌላ በሽተኛ መሸጥ አይገባውም። ባለ መድኃኒቱ አልቀበልም ሲል ስለማያውቀው በሽተኛ ይሟገታል።

አሁን በስልክ መስኮት ላይ ሥዕሉን ብቻ ዐይቶ ዕቃ ማዘዝ ስለ በዛ ይህ ጉዳይ አዲስ መልክ ይዞአል። በእጁ ያልዳሰሰውን የሚገዛ ሰው ዐይቶ መርጦአል ሊባል አይችልም። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት በ2011 እንደ እነርሱ አቈጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ ከሩቅ ሆኖ ዕቃ ያዘዘ ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ በ14 ቀን ውስጥ ሊተወው እንደሚችል ወሰነ። በዚያ የሚኖሩ ምእመናኖቻችን ይህን መብት በየቀኑ ያውቁታል። ነገር ግን ያው መመሪያ ዕቃው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ከሚበቃው በላይ ተገልግሎበት ዋጋውን የቀነሰ ገዢ ለቀነሰው ዋጋ ተጠያቂ ነው ይላል። ይህም ማለት ልብሱን ለመለካት መልበስ ይፈቀዳል፤ ለሠርግ ለብሶ፣ ጨፍሮበት፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶበት፣ ሰኞ ቀን አጣጥፎ መመለስ ግን አይፈቀድም ማለት ነው። በዚያም በዚህም አገር እንዲህ የሚያደርጉ ብልሆች ተብለው ሲመሰገኑ እንሰማለን። የሰውን ልብስ ያለ ኪራይ ለብሶ መመለስ ብልኀት አይደለም፤ ሕግ የሰጠውን ርኅራኄ ወጥመድ ማድረግ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞንም በምሳሌው መጽሐፍ ሲገዛ ዕቃውን እያጣጣለ፣ ገዝቶ ሲሄድ ግን በልቡ የሚመካውን ገዢ ያሳየናል፤ የመጽሐፍ ተግሣጽ ለሻጭ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ስለ ጽሑፉና ስለ ንስሐ

እንግዲህ ክርስቲያን ነጋዴ በሱቁ ላይ ምን ይጻፍ? «ነውር የተገኘበት ዕቃ ይመለሳል፤ ደኅናው ዕቃ ግን ስለ መመለሱ አስቀድመን እንነጋገር» ብሎ ቢጽፍ ከማንም ጋር አይጣላም። ገዢውም ምን እንደሚጠብቀው ዐውቆ ይገዛል። ተቀጥረው የሚሸጡ ወጣቶችም ይታሰቡ። አሠሪው «ነውሩን አትናገር» ብሎ ያዘዘው ሠራተኛ እንጀራውና ሕሊናው ይጣሉበታል፤ አሠሪው የራሱን ኃጢአት በድኻው አንደበት እንደሚያስፈጽም ይወቅ። ሠራተኛውም ሲጠየቅ አይዋሽ፤ ሥራውን ቢያጣ እንኳ የማያጣው ነገር አለው።

የንስሐ አባቶች ሆይ፣ በዚህ ነገር የእናንተ ድርሻ ትልቅ ነው። ነጋዴ መጥቶ «ነውረኛ ዕቃ ሸጫለሁ» ሲላችሁ ጾምና ስግደት ብቻ ሰጥታችሁ አታሰናብቱት። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል የሀብቱን እኵሌታ ለድኾች ከመስጠቱ ጋር፣ በሐሰት የከሰሰውንና የቀማውን አራት ዕጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ፤ መዳን ለዚያ ቤት ሆነ የተባለው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ሥርዐቱ እንዲህ ይሁን። አስቀድሞ ማታለሉን ይተው። ቀጥሎ የሚያውቀውን ገዢ ፈልጎ የተበደለውን ያህል ይመልስለት። ለማፈሩ ዐዝኖ ቢቸገር፣ የንስሐ አባቱ ገንዘቡን ተቀብሎ ስሙን ሳይገልጥ ለባለ ገንዘቡ ሊያደርስለት ይችላል። ገዢው የማይታወቅ፣ ወይም ዕቃው በገበያ ለብዙ ሰው የተበተነ እንደ ሆነ፣ በዚያ ልክ ለድኾች ይስጥ። ነገር ግን ባለቤቱ በደጅ ቆሞ እያለ በገንዘቡ ጧፍ ገዝቶ ማብራት ጸሎት አይደለም፤ በሰው ገንዘብ የሚበራ ጧፍ የሰጪውን ፊት አያበራምና።

ይህ ቃል ወደ እኛም ወደ ካህናቱ ይመለሳል። በአብያተ ክርስቲያናት ደጅ ጧፍና ዕጣን፣ መጻሕፍትና አልባሳት ይሸጣሉ። ሰም ነው ተብሎ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ጧፍ፣ ወይም ገጾቹ የጐደሉ መጽሐፈ ጸሎት ምእመኑ ይዞ ሲመለስ፣ «ለበረከት ነው፤ ይለፍህ» ልንለው አይገባም። ከሁሉ አስቀድሞ ደስ ብሎት ሊቀበለው የሚገባ ሱቅ የቤተ ክርስቲያን ሱቅ ነው። ምእመናንም በበኩላቸው ለሻጩ መመለስ ያቃታቸውን ዕቃ፣ በቤታቸው ያልሠራላቸውን ድምፅ ማጉያ ወይም የነቀዘውን ምንጣፍ ስእለት አድርገው ለቤተ ክርስቲያን አያምጡ። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውሩንና አንካሳውን፣ በሽተኛውንም እንስሳ ለመሥዋዕት የሚያቀርቡትን በዚህ ነገር ገሥጾአቸዋል፤ ለሹም የማይሰጠው ለእግዚአብሔር ሊሰጥ አይገባውምና።

ውድ ምእመናን፣ እኛ ሁላችን አንድ ቀን ሻጭ፣ አንድ ቀን ገዢ እንሆናለን። ሻጭ በሆንን ቀን ዕዳችንን ቸርነት አናድርገው፤ የነውረኛውን ዕቃ ዋጋ ስንመልስ ምሕረት ያደረግን አይምሰለን፤ ከዕዳ ብቻ ነጻ ወጣን። ገዢ በሆንን ቀን ቸርነትን ዕዳ አናድርገው፤ ነጋዴው ደኅናውን ዕቃ ቢቀበለን እናመስግነው፤ ባይቀበለንም አንርገመው። እንዲህ ያደረግን እንደ ሆነ በሻጭና በገዢ መካከል የተቀረቀረው ካስማ ይነቀላል፤ ሁለቱም በሰላም አብረው ያስቀድሳሉ። እኛ ራሳችን በኃጢአት ነውረኞች ሆነን ሳለን መልሶ የተቀበለን፣ ነውር በሌለበት በልጁ ደምም የዋጀን እግዚአብሔር አምላካችን በሚዛናችንና በቃላችን እውነተኞች ያድርገን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።